ሰሌዳው የተለካው በየትኛው አየር ነው?

ጥር 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ከሳቫና ከተማ አጠገብ በወንዝ ዳር በምትገኘው ፖርት ዌንትዎርዝ፣ የኢምፔሪያል ስኳር ኩባንያ ማጣሪያ በማታ ፈረቃ ሥራ ላይ ነው። ፋብሪካው ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ቦታ የቆየ ነው። ከሦስቱ ረጃጅም የስኳር ጎተራዎች ሥር ዋሻ አለ። ዋሻው ውስጥ ደግሞ ከጎተራዎቹ የሚወርደውን ስኳር የሚያጓጉዝ የብረት ቀበቶ ይዞራል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ተቀጣጠለ።

ፍንዳታው ዋሻው ውስጥ ታፍኖ አልቀረም። ግፊቱ ወደ ማሸጊያው ሕንፃ ዘልቆ በየወለሉ፣ በየማገሩና በየማሽኑ ጀርባ የተጋገረውን የስኳር ብናኝ አራግፎ አየር ላይ በተነው። ከኋላ የደረሰው እሳት ያንን ብናኝ ለኮሰ፤ የዚያ ግፊት ደግሞ የሚቀጥለውን ክፍል ብናኝ አነሣ። የኮንክሪት ወለሎች ወደ ላይ ተፈነቀሉ። የጡብ ግድግዳዎች ፈርሰው ደረጃውንና መውጫውን ዘጉ። ለእንዲህ ያለ ሰዓት የተዘረጉት የእሳት ማጥፊያ ውኃ ቧንቧዎች ራሳቸው ተበጣጠሱ። 14 ሠራተኞች ሞቱ፤ ስምንቱ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ፣ ስድስቱ ደግሞ ኋላ በኦገስታ የቃጠሎ ሕክምና ማዕከል ሳሉ። 36 ሰዎች ቆሰሉ። የሕንፃው እሳት ከጠፋ በኋላም ጎተራዎቹ ውስጥ ያለው ስኳር ለቀናት እየጨሰ ቆየ።

የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ መርምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ሪፖርቱን አወጣ። የእሳቱ መነሻ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ያስቀመጠው የተቆረጠ ሽቦ፣ የተጣለ ሲጋራ ወይም የብየዳ ፍንጣሪ አልነበረም። ከልክ በላይ የጋለ ኩሽኔታ ነበር። ቀበቶውን ከሚያዞሩት ብረቶች የአንዱ ማረፊያ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ማንም ሳያየው ጋለ፤ በዙሪያው ሲንሳፈፍ የነበረውን ብናኝ ለመለኮስም ብልጭታ አላስፈለገውም።

ስለ ፍንዳታ አደጋ ስንነጋገር ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ብልጭታን ነው። ነዳጅ ማደያ ላይ ሞተር አጥፉ፣ ስልክ አትነጋገሩ፣ ሲጋራ አታጭሱ እንባላለን። ትክክለኛ ምክር ነው። ሆኖም የጋለ ገጽ ያለ አንዳች ብልጭታ ያንኑ ጥፋት ያመጣል፤ ድምፅ ስለሌለውና ዓይን ውስጥ ስለማይገባም ከብልጭታ ይልቅ ይዘነጋል። ማዕድ ቤት ውስጥ ተረስቶ እሳት ላይ የቆየ የዘይት መጥበሻ ድንገት በነበልባል ሲያያዝ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ነበልባሉ ዘይቱን ከጎን አልነካውም፤ መጥበሻው ብቻ በቂ ሙቀት ላይ ደረሰ።

እያንዳንዱ ጋዝና እንፋሎት ከአየር ጋር ተደባልቆ ያለ ነበልባልና ያለ ብልጭታ የሚቀጣጠልበት የሙቀት መጠን አለው። በቤተ ሙከራ የሚለካው ቀላል በሚመስል መንገድ ነው። 200 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የብርጭቆ ጠርሙስ ምድጃ ውስጥ ትሞቃለች። ጥቂት የፈሳሹ ጠብታ ወይም የጋዙ መጠን ይገባባታል። መርማሪው በጨለመ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ከጠርሙሷ አፍ በላይ በተሰቀለ መስታወት ነበልባል ይታይ እንደሆነ እስከ 5 ደቂቃ ይጠባበቃል። ካልታየ ሙቀቱን ይጨምራል፤ ከታየ ይቀንሳል። ነበልባል የታየበት ዝቅተኛው ሙቀት በሰንጠረዥ ይመዘገባል። ጠርሙሷ ትልቅ ብትሆን ቁጥሩ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ሰንጠረዦች እርስ በርስ አይስማሙም፤ ኤታኖልን አንዱ 363 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለው ሌላው 400 ይለዋል። ከተፈጥሮ ሕግ ጋር እኩል የሚታየው ይህ ቁጥር በተወሰነ ዕቃ፣ በተወሰነ ግፊት፣ በተወሰነ አሠራር የተገኘ ልኬት ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት እሱ ነውና።

እንዲህ ያለ ጋዝ በሚገኝበት ቦታ የሚተከል ሞተር፣ መብራት፣ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም መለኪያ፣ ገጹ ቢበዛ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚሞቅ ተፈትኖ በሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የሚጠቀምባቸው ምድቦች ስድስት ናቸው። ቲ1 ማለት ገጹ ከ450 ዲግሪ አይበልጥም ማለት ነው። ቲ2 300፣ ቲ3 200፣ ቲ4 135፣ ቲ5 100፣ ቲ6 ደግሞ 85 ዲግሪ። ቁጥሩ ሲያድግ የሚፈቀደው ሙቀት ይወርዳል፤ ጀማሪን ግር የሚያሰኘውም ይኸው ነው። አሜሪካኖች በነዚህ መካከል ተጨማሪ ንዑስ ምድቦችን ከፍለው ስለሚጠቀሙ፣ ከዚያ የመጣ ሰሌዳ ላይ ቲ3ሲ ወይም ቲ2ዲ ማየት አያስገርምም። የመጀመሪያው 160፣ ሁለተኛው 215 ዲግሪ ነው።

ሥራው እንግዲህ ሁለት ቁጥሮችን ማስተያየት ነው፤ የጋዙን የመቀጣጠያ ሙቀትና የመሣሪያውን የገጽ ሙቀት። ቤንዚን 280 ዲግሪ ገደማ ላይ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ከ200 የማያልፈው ቲ3 ይበቃዋል። ለፕሮፔን 450 ነው። ኤታኖል ቲ2 ውስጥ ያርፋል። በአንድ ወቅት ለሰመመን ሲያገለግል የነበረው ኤተር ከ180 በታች ስለሚቀጣጠል ቲ4 ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ካርበን ዳይሰልፋይድ ነው። ለሱ 90 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የፈላ ውኃ ከዚያ በላይ ይሞቃልና የእንፋሎት ቧንቧ ብቻ ሊለኩሰው ይችላል። ለዚህ ቲ6 ብቻ ነው የሚሆነው።

ብዙ ልምድ ያለው ሰው እንኳ የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ አለ። የነዳጅ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት ፍላሽ ፖይንትን ነው፤ ፈሳሹ በክብሪት ሊለኮስ የሚችል በቂ እንፋሎት መስጠት የሚጀምርበትን ሙቀት። ቤንዚን ይህን የሚያደርገው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ናፍጣ ግን ብዙውን ጊዜ ከ55 በላይ መሞቅ አለበት። ከዚህ በመነሣት ናፍጣ በሁሉም ነገር ከቤንዚን ይልቅ ገራም ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ወደ ጋለ ብረት ስንመጣ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ኬሮሲን በራሱ የሚቀጣጠለው በ210 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ናፍጣም ከሱ ብዙ አይርቅም። የቤንዚን ጠብታ ሳይነድ የሚተንበት የጋለ ቧንቧ ናፍጣን ሊያነድ ይችላል። የናፍጣ ቱቦ ተቀዶ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲረጭ መኪና የሚቃጠለውም በዚህ መንገድ ነው።

ሃይድሮጅን ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል። እጅግ ለትንሽ ብልጭታ፣ ለ0.02 ሚሊ ጁል፣ ይነሣል፤ ፕሮፔን ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ ለሃይድሮጅን የሚሠራ ሣጥን ከሁሉ የጠበቀውን የጋዝ ምድብ፣ ሁለት ሲ የሚባለውን፣ ማሟላት አለበት። በሙቀት በኩል ግን 560 ዲግሪ ድረስ ስለሚታገሥ ቲ1 ይበቃዋል። የብልጭታ ፍርሃትና የሙቀት ፍርሃት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሰሌዳውም ለየብቻ ይጽፋቸዋል። ሃይድሮጅን የሚለቁ ትልልቅ ባትሪዎች የሚሞሉበትን ክፍል የሚያዘጋጅ ሰው ቲ6 ከፍተኛው ስለሆነ ይሻለኛል ብሎ ገንዘቡን እዚያ ላይ ቢያፈስና የጋዝ ምድቡን ቢረሳ፣ ውዱን ዕቃ ገዝቶ አደጋውን እቤቱ አስቀምጧል።

የአንድን ሞተር ሰሌዳ እንውሰድ። «ኢኤክስ ዲቢ ሁለት ቢ ቲ4 ጂቢ» ይላል እንበል። «ኢኤክስ» መሣሪያው ፍንዳታ ለሚያሰጋው አየር መሠራቱን ይናገራል። «ዲቢ» የመከላከያው ዘዴ ነው፤ ቀፎው ውስጡ የሚነሣን ፍንዳታ ችሎ ነበልባሉን ወደ ውጭ እንዳያሳልፍ የተሠራ ነው። «ሁለት ቢ» የጋዙ ምድብ ነው። «ጂቢ» መሣሪያው በደኅና ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሊጠበቅ የሚችል ብልሽት ሲገጥመውም መለኮሻ እንደማይሆን ያመለክታል። መጨረሻው ፊደል «ሲ» ቢሆን ኖሮ ዋስትናው ለደኅናው ጊዜ ብቻ ነበር። «ቲ4» ከነዚህ ሁሉ መሐል ተቀምጦ ስለ ሙቀት ይናገራል፤ ግን የየትኛውን ገጽ ሙቀት?

መልሱ እንደ መከላከያው ዘዴ ይለያያል። ነበልባል በማያሳልፈው ቀፎ ላይ 135 ዲግሪ ማለት የውጪው ገጽ ነው። ውስጡ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ጋዝ ገብቶ ቢፈነዳም ቀፎው ይይዘዋል። ኢ በተባለው ዘዴ የሚሠራ ሞተር ግን ጋዝ ወደ ውስጡ እንደሚገባ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ጥቅልሉና ሮተሩም ከቁጥሩ ማለፍ የለባቸውም። እንዲህ ያለ ሞተር ሮተሩ ተነክሶ ቢቆም ስንት ሰከንድ ውስጥ ወደ ገደቡ እንደሚደርስ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ የመከላከያው ሪሌም ከዚያ ቀድሞ ኃይሉን መቁረጥ አለበት። ሪሌው ሲያስቸግር ወደ ላይ የሚያጠብቀው ወይም አልፎት በቀጥታ የሚያገናኘው ቴክኒሻን፣ ሳያውቀው ቲ4ን ከሰሌዳው ላይ ፍቆታል። ነበልባል የማያሳልፉ መብራቶች ክዳን ላይም ኃይል ካጠፉ በኋላ ይህን ያህል ደቂቃ ሳይቆዩ አይክፈቱ የሚል ጽሑፍ የሚገኘው ውስጡ ከውጪው ስለሚግል ነው። ያ ጽሑፍ በቀለም ተሸፍኖ ሲገኝ ቀለም ቀቢውን ከመውቀስ በፊት ቀለሙን ያዘዘውን መጠየቅ ይገባል።

ወደ ብናኝ ስንመለስ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። ጋዝ ይመጣና ይበተናል፤ ብናኝ ግን ይቀመጣል። ሞተር ጀርባ ላይ የተጋገረ ዱቄት ሙቀቱ እንዳይወጣ አፍኖ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ለብናኝ የሚሠራ መሣሪያ ላይ የቲ ምድብ አይጻፍም፤ ዲግሪው ራሱ ይጻፋል። ሕጉም ሁለት መለኪያ አለው። የመሣሪያው ገጽ፣ ብናኙ አየር ላይ ደመና ሆኖ ከሚቀጣጠልበት ሙቀት ሁለት ሦስተኛውን ማለፍ የለበትም። እንዲሁም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት ተኝቶ ከሚጨስበት ሙቀት 75 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት። ከሁለቱ ዝቅተኛው ይገዛል። በመመሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ለእህል ብናኝ የሚሰጡት ቁጥሮች ለደመናው 510፣ ለተኛው 300 ዲግሪ ናቸው። የ510 ሁለት ሦስተኛ 340 ነው፤ ከ300 ላይ 75 ሲቀነስ 225 ይሆናል። ገደቡ 225 ነው። ተጋግሮ የተኛው ብናኝ ከሚበረው ይልቅ መሣሪያውን አስሮ ይይዘዋል ማለት ነው። ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ 225ም ዋጋ የለውም፤ ገደቡ እንደገና መውረድ አለበት። በሌላ አነጋገር የሙቀት ደረጃው ቁጥር በመጥረጊያው ላይም ይወሰናል።

ፖርት ዌንትዎርዝ ላይ የሆነው ይህንን ያሳያል። የብረት ቀበቶው ለረጅም ዘመን ክፍት ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። ከጎተራው የሚወርድ የስኳር ጓል እየተሰነቀረ ስኳሩ ይፈስ፣ ብናኙም ይነሣ ነበር፤ ነገር ግን ዋሻው ሰፊ ስለሆነ ብናኙ ሊፈነዳ የሚችልበት መጠን ላይ አልደረሰም። በ2007 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ቀበቶውን በማይዝግ ብረት ሸፈነው። ዓላማው ቆሻሻ ስኳሩ ውስጥ እንዳይገባ ነበር፤ ለምግብ ፋብሪካ የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው። ሽፋኑ ሲሠራ ግን ብናኙን የሚስብ መሳቢያም ሆነ ግፊት የሚያወጣ መተንፈሻ አልተደረገለትም። ትልቁ ዋሻ በጠባብ ሣጥን ተተካ፤ ብናኙ ውስጡ ጠገበ፤ የሚግለው ኩሽኔታም ከሰው ዓይንና እጅ ተሰወረ። ቀበቶው ያው፣ ስኳሩም ያው ነበር፤ በዙሪያቸው ያለው አየር ግን ተለወጠ።

የስኳር ብናኝ እንደሚፈነዳ ደግሞ አዲስ ዕውቀት አልነበረም። ያው የደኅንነት ቦርድ ከአደጋው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ከ1980 እስከ 2005 በደረሱ 281 የብናኝ ቃጠሎና ፍንዳታዎች 119 ሰዎች መሞታቸውንና 718 መቁሰላቸውን ቆጥሮ፣ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አጠቃላይ ደንብ እንዲያወጣ ጠይቆ ነበር። ደንብ የማውጣቱ ሥራ የተጀመረው ከፖርት ዌንትዎርዝ በኋላ ነው፤ ቆየና በ2017 እ.ኤ.አ. ከዕቅድ ተሰረዘ። 14 ሰው የሞተበት ጉዳይ በዚህ መልክ መዝገብ ቤት መግባቱ አሁንም ያሳዝነኛል።

እኛም ስኳር አለን። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ። መተሐራና ፊንጫ ከሞላሰስ ኤታኖል ያወጡ ስለነበር አንድ ግቢ ውስጥ የብናኝም የእንፋሎትም ሥጋት ጎን ለጎን ይገኝ ነበር። የዱቄት ፋብሪካዎች በየከተማው አሉ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የጥጥ ብናኝ አላቸው፤ ተቀጣጣይ ጭረት የራሱ ምድብ ያለው ነው። የነዳጅ ዲፖና ማደያውን መቁጠር አያስፈልግም። ለእነዚህ ሁሉ የሚገዛው መሣሪያ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥርም የተለካው እዚያ ነው።

አሁን ተመልሼ ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ቲ4 የሚለው ቃል በውስጡ ያልተጻፈ ሁኔታ ይዟል። ሰሌዳው ሌላ ካላለ በቀር፣ መሣሪያው የተፈተነው በዙሪያው ያለው አየር ከዜሮ በታች 20 እስከ ከዜሮ በላይ 40 ዲግሪ ይሆናል ተብሎ ነው። መሣሪያ ደግሞ ሙቀቱን የሚደምረው በዙሪያው ባለው አየር ላይ ነው። አንድ መብራት በራሱ ሥራ 40 ዲግሪ የሚጨምር ቢሆን፣ 40 ዲግሪ አየር ውስጥ ገጹ 80 ይሆናል፤ ቲ6 ነው። ሐምሌ 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ኩዌት ውስጥ ሚትሪባህ በተባለ ቦታ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ቁጥሩን መርምሮ ተቀብሎታል። ያው መብራት እዚያ ቢሰቀል ገጹ ወደ 94 ያሻቅባል። መብራቱ አልተበላሸም፣ ማንም አልነካውም፤ ቲ6 ግን መሆኑ ቀርቷል። ለዚህ ነው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዳጅ ጣቢያዎች ውስጥ የሚተከል መሣሪያ ሰሌዳ ላይ እስከ 55 ወይም 60 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ የሚፈለገው። እዚያ በጥገናና በተከላ የሚሠሩ ወገኖቻችን ዕቃ ሲቀይሩ ይህችን መስመር ቢያነቧት የራሳቸውን ነፍስ ይጠብቃሉ። ፀሐይ በቀጥታ የምታገኘው ብረት ደግሞ ከአየሩ በላይ እንደሚግል የአፋር ሰው አይነገረውም።

ሁለተኛው ያልተጻፈ ሁኔታ ግፊት ነው፤ ደጋውን የሚመለከተውም ይኸው ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት አየሩ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ፓስካል ግፊት እንዳለው ወስዶ ይነሣል። 80 ኪሎ ፓስካል ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ሳይሞላ የሚገኝ ግፊት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ደሴና ጎንደርም ከመስመሩ በላይ ናቸው። ፋብሪካ የበዛባት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርን ታልፋለች። መስፈርቱ ሲጻፍ የታሰበው አየር በትልቁ ከተማችን ውስጥ የለም።

ይህ ማለት አዲስ አበባ ያለው መሣሪያ ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። የሳሳ አየር ፍንዳታን ያለዝባል፤ ጋዞችም በዝቅተኛ ግፊት ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ይፈልጋሉ። ነገር ግን ያው የሳሳ አየር ሙቀት አያነሣም። ሞተር በጀርባው ባለው ፋን አየር እየገፋ ነው የሚበርደው፤ አየሩ ሲቀል ማብረዱ ይደክማል። የተለመዱት የሞተር መስፈርቶች የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ወይ ጭነቱ ይቀነሳል፣ ወይ የአካባቢው ቅዝቃዜ ያካክሳል። አዲስ አበባ ላይ 40 ዲግሪ ስለማይደርስ ቅዝቃዜው ብዙውን ይሸፍናል። ችግሩ ሞተሩ ውጭ ሳይሆን ቦይለር አጠገብ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ የቆላውን ሙቀትና የደጋውን አየር አንድ ላይ ይቀበላል። እንዲህ ያለውን ማስላት ያለበት ባለሙያ ነው፤ ለማስላት ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። የመሣሪያው ፈተና የሚታገሠው የቮልቴጅ መዋዠቅ ወሰን አለው። ቮልቴጁ ሲወድቅ ሞተሩ ሥራውን ለመጨረስ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፤ ከረንቱም ሙቀት ይሆናል። ፍጥነት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሞተርም እንዲሁ ነው። ፍጥነቱ ሲቀነስ ማብረጃ ፋኑም አብሮ ይዘገያል፤ ጭነቱ ካልቀነሰ ሙቀቱ ይጠራቀማል። ኃይል ለመቆጠብ ታስቦ የገባ መቆጣጠሪያ፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ ካልተፈተነ ወይም ጥቅልሉ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ካልተቀበረ፣ ሰሌዳውን ባዶ ያደርገዋል።

ከሁሉ ግን የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። ሞተር ሲቃጠል አዲስ መግዛት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወደ ሪዋይንዲንግ ቤት ይሄዳል። በእነዚህ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች እጅግ የሚደነቅ እጅ አላቸው። የተቃጠለውን ሽቦ አውጥተው፣ ዙሩን ቆጥረው፣ በተገኘው መዳብ ጠቅልለው፣ ቫርኒሽ አጠጥተው ሞተሩን ያስነሡታል። ለተራ ፓምፕ ይህ በቂና የሚያስመሰግን ነው። ለቲ4 ሞተር ግን መነሣቱ ብቻ አይበቃም። ሽቦው በጥቂቱ ከቀጠነ፣ አሮጌውን ጥቅልል ለማውጣት ብረቱ ከልክ በላይ ከተቃጠለ፣ ፋኑ በሌላ ከተተካ፣ ኩሽኔታው ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ግን ሌላ ክፍተት ያለው ከሆነ፣ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰሌዳው ግን እንደተለጠፈ ነው፤ እንዲያውም ተጠርጎና ቀለሙ ታድሶ። ለእንዲህ ያለ ጥገና ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። ጠጋኙ የአምራቹን መረጃ እንዲይዝ፣ የሠራውን እንዲመዘግብ፣ ከመጀመሪያው ጋር መስማማቱን እንዲያረጋግጥ፣ ካልቻለም የፍንዳታ ምልክቱን ከሰሌዳው እንዲያነሣ ያዝዛል። ምልክቱ የተነሣ ሞተር አይጣልም፤ ጋዝ በሌለበት ቦታ ለዓመታት ይሠራል።

የፖርት ዌንትዎርዙ ኩሽኔታ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ብረት ብቻ ነበር። ለረጅም ዘመን የሙቀት ደረጃ የኤሌክትሪክ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ጊር ቦክስ፣ ፓምፕ፣ ኮንቬየርና ኩሽኔታ ከቁጥጥሩ ውጭ ይቀሩ ነበር። አሁን እነሱም የራሳቸው መስፈርትና ተመሳሳይ ምልክት አላቸው፤ በአውሮፓ ደግሞ አቴክስ የሚባለው ሕግ ሁለቱንም በአንድ ይዟል። ነገር ግን ኩሽኔታ ላይ ቁጥር መጻፍ ከሞተር ላይ ይከብዳል፤ ሙቀቱ በግሪሱ ዕድሜ፣ በቺንጊያው ውጥረት፣ በገባበት ብናኝ ይለዋወጣልና። ስለዚህ ቁጥሩን የሚጠብቀው ሙቀት መለኪያ የያዘ፣ የሚያዳምጥና የሚመዘግብ ሰው ነው። እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት የማይችለው ኩሽኔታ ካለ፣ ሽፋኑ ላይ መክፈቻ ወይም ውስጡ መለኪያ ሊኖር ይገባል።

የዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚጻፈው ግን ፋብሪካው ውስጥ አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ፣ የጨረታ ሰነድ ላይ ነው። «ሞተር፣ ኤክስፕሎዥን ፕሩፍ፣ ብዛት 4» ተብሎ የተጻፈ መስመር ለአቅራቢው ምንም አይነግረውም፤ ርካሹን ያመጣል፣ ሕጋዊም ነው። አቅራቢው ማወቅ ያለበት ጋዙ ወይም ብናኙ ምን እንደሆነና የመቀጣጠያ ሙቀቱን፣ የቦታውን ከፍተኛ የአየር ሙቀት፣ ከፍታውን በሜትር፣ የቮልቴጁን መዋዠቅ፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ይኑር አይኑር ነው። አንድ አንቀጽ አይሞላም። ዕቃው ሲደርስም የሚረከበው ሰው ሣጥኑን ሳይሆን ሰሌዳውን ከሰነዱ ጋር ያስተያይ፤ የምስክር ወረቀቱ ቁጥር መጨረሻ ላይ ኤክስ የምትባለዋ ፊደል ካለች ልዩ የአጠቃቀም ቅድመ ሁኔታ አለ ማለት ነውና ወረቀቱን ገልጦ ያንብብ። አዲስ አበባ ላይ የሚተከል ከሆነ «2,355 ሜትር» የሚለው ቁጥር ሰነዱ ውስጥ ይኑር፤ አምራቹም ለዚያ ከፍታ መልስ በጽሑፍ ይስጥ።